ቀንዷ የተሰነጠቀ አጋዘን

አጎቴን ሌባ ያሉት ቅዳሜ ጠዋት፣ ማሜሎዲ ታክሲ ተራ ላይ፣ እኔ አፌን በትኩስ የተጠበሰ ሊጥ ሞልቼ እያላመጥኩ ነው። አፌ ባዶ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማኝ ነበር። ተራ አስከባሪው ጋሽ ክሌመንት ፊሽካውን ከከንፈሩ ሳይነቅል ነው የሚያወራው። ወደ ሹፌሩ ወደ ሙዚ መስኮት ጎንበስ ብሎ፣ «ያን ሽማግሌ ጋቢና እንዳታስቀምጠው። እጁ ከሒሳቡ ወደ ኪሱ፣ ከኪሱ ወደ ሒሳቡ ነው። ተሳፋሪው እየታዘበ ነው» አለው። ያንሾካሾከ መስሎታል። ፊሽካ አፉ ውስጥ ያለ ሰው ማንሾካሾክ አይችልም፤ እያንዳንዷ ቃል በፉጨት ታጅባ ሰልፉን ሁሉ አዳረሰች። አጎቴ ፊኒያስም ሰማ። ባርኔጣውን አስተካከለና ጫማውን ማየት ጀመረ። ጫማው ምንም አልሆነም፤ ጠዋት ሲወለውለው አይቻለሁ።

በእኛ ታክሲ ረዳት የሚባል የለም። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ሳይወድ በግዱ ረዳት ይሆናል። ከኋላ ያሉት ትከሻ እየነኩ ብሩን ወደ ፊት ያቀብላሉ፣ «የሦስት ሰው ነው»፣ «ከሃምሳው የሁለት ቁረጥ» ይላሉ፣ እሱ ይደምራል፣ መልስ ይልካል፣ ሲሳሳት ይሰደባል። ስለዚህ ጋቢናን የማይሸሽ የለም። ክራባት ያሰረ ሰው እንኳ ጋቢና ብቻ ክፍት ሆኖ ሲያይ የረሳው ነገር ትዝ ብሎት ከሰልፉ ይወጣል። እኔም ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት የተለያየሁት በክፍልፋይ ምክንያት ስለሆነ፣ በሰላሙ ጊዜ ጋቢና አልወጣም። አጎቴ ግን ጋቢና እስኪደርሰው ሁለት ሦስት ታክሲ ያሳልፋል። የእኛ መስመር ታሪፍ አሥራ ስምንት ራንድ ነው፤ ሰው ሁሉ ሃያ ይሰጣል፤ ሰው ሁሉ ሁለት ራንድ መልስ ይቀበላል። በሁለት ራንዷ ጀርባ ላይ ደግሞ አንዲት አጋዘን ቆማለች። በዚህ ምድር ላይ እንደኛ መስመር ታክሲ ብዙ አጋዘን የሚያልፍበት ቦታ የለም፣ ይላል አጎቴ። እሱ ደግሞ የሚፈልገው አንዷን ነው።

ነገሩን እንደነገረኝ ልንገራችሁ። ሳንቲም የሚመታው በብረት ማኅተም ነው። ማኅተሙ ስንትና ስንት ሺህ ጊዜ ሲመታ ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ ብረት ይገባና ሳንቲሟ ላይ እንደ ክር ቀጭን ሆኖ ጎልቶ ይወጣል። የአጎቴ አጋዘን ስንጥቋ የሚጀምረው ከቀንዷ ጫፍ ነው። መጀመሪያ ባገኛት ላይ ክሯ የጉንዳን እግር ታክላለች። ቀጥሎ ባገኛት ላይ ረዘም ብላለች። ከዚያ ጠርዙን ነክታለች፤ ከዚያ ከጠርዙ ሌላ ክር ተነሥታ ወደ ቀንዱ ተመልሳለች። ሁሉም የአንድ ማኅተም ልጆች ናቸው፤ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ ማኅተሙ ሲያረጅ ታያለህ። የቀረችው የመጨረሻዋ ናት። ሁለቱ ስንጥቆች ሲገናኙ የማኅተሙ ቁራጭ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ የምትመታው ሳንቲም ላይ በቁራጩ ቦታ ምንም ምስል የሌለው እብጠት ይወጣል። አንድ ሰው ያንን አይቶ ማኅተሙን እስኪጥለው ድረስ ጥቂት እንደዚያ ሆነው ወጥተዋል፤ መውጣት አለባቸው፣ ይላል። «ዛሬ ሳላገኛት አልቀርም» እያለ ሲወጣ ጎረቤት ውሽማ ያለችው ይመስለው ነበር። ቀንድ ያለው ወንዱ አጋዘን ብቻ ነው ብዬው አውቃለሁ፤ «አንቺ ደግሞ» ብሎኝ «አገኛት ይሆናል» ማለቱን ቀጠለ።

ቤታችን ውስጥ በዚህ ነገር የተነሣ ሰላም የለም። አጎቴ የሚኖረው ከግቢያችን ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ነው። እናቴ ማፑላ ታናሽ እህቱ ናት፤ ከፋሲካ ወዲህ አታናግረውም። ለጣሪያው ቆርቆሮ የተቀመጠውን ገንዘብ ባንክ ወስዶ በሁለት ራንድ አስመንዝሮ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ አንድ በአንድ አገላብጦ፣ ምንም ሳያገኝ ሲመልሰው ባንኩ የመቁጠሪያ ቆረጠበት። ገንዘቡ ቆርቆሮ ሊሆን ትንሽ ጎደለ። እናቴ ያንን ትንሽ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ባልዲ ውስጥ ስትንጠባጠብ ትሰማታለች። ዛሬ ጠዋትም ሦስታችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን፣ ጉልበቱ ጉልበቷን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ «ለአጎትሽ ንገሪው፣ ገንፎው እየቀዘቀዘ ነው» አለችኝ። ነገርኩት። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ስኳር አንሶታል» አለ። እሷ ስኳሩን ከእጄ ነጥቃ ሁለት ማንኪያ ጨመረችለት። ፊቱን ግን አላየችውም። እኔን አብሬው እንድሄድ ያደረገችውም እሷ ናት፤ ዐይኑ እየደከመ ስለሆነ መንገድ ሲሻገር ትፈራለታለች። ለእሱ የተነገረው ግን የፀጉር ማለስለሻ ልገዛ እንደሆነ ነው።

ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው። ተራው ውስጥ ያለው ምሰሶ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ ከሰኞ ጀምሮ ታሪፉ ሃያ ራንድ ነው። ሰው ሁሉ በሁለት ራንዱ ያማርራል፤ ከአጎቴ በቀር ግን መልስ እንደሚቀር ያሰበ የለም። ሰው ሃያ ሰጥቶ ሃያ ከሆነ፣ አጋዘን በእኛ ታክሲ አታልፍም። ነገ እሑድ ታክሲው ባዶ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጋቢና ካልተቀመጠ አበቃ። ጫማውን አይቶ ሲጨርስ ሰልፉን ትቶ ወደ ጋሽ ክሌመንት ሄደ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ክሌመንት፣ እኔ ከአንተ ተራ አንድ ሳንቲም ወስጄ አላውቅም» አለው። «ሁለት አወጣለሁ፣ ሁለት አስገባለሁ። የምቀይረው መልኳን ነው።»

«የሳንቲም መልክ ምን ይሠራልሃል? ልታገባት ነው?» አለ ጋሽ ክሌመንት፤ ሰልፉ ሳቀ።

«ዛሬን ብቻ አስቀምጠኝ። እጄ ከዚህ ክዳን ላይ አይነሣም» አለና ሒሳብ የሚሰበስብበትን የአይስክሬም ባልዲ ክዳን ከፍ አደረገ። «አንዴ ኪሴ ከገባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከተማ በእግሬ ነው የምሄደው። ሌባ ብለህ ፊሽካ ንፋብኝ።»

ጋሽ ክሌመንት ሙዚን አየው፣ ሙዚ ትከሻውን ሰበቀ። «እጁን እያየሁ እነዳለሁ» አለ። እኔ በዚህ ጊዜ ሊጤን ውጬ ጨርሼ ነበርና፣ «መንገዱንም አልፎ አልፎ እየው እንጂ» አልኩት። ስሜ ዲፑዎ ነው፤ በቋንቋችን ወሬ ማለት ነው። የሰጠችኝ አያቴ ናት፣ ገና ሳልናገር።

ጋቢና ሁለት ሰው ይይዛል። አጎቴ ከሙዚ ጎን፣ እኔ በር አጠገብ ሆንን። ሙዚ የመልስ ሳንቲሞቹን የሚያስቀምጠው በልጁ ካልሲ ውስጥ ነው፤ ጥንቸል ያለበት ሰማያዊ ካልሲ። ካልሲውን ክዳኑ ላይ ወረወረለት። አጎቴ ሁለት እጁን ክዳኑ ላይ አስቀመጠ፤ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ጀርባውን አቃንቶ ተቀመጠ። የራሱ መቀየሪያ ሁለት ራንዶች በሸሚዙ ኪስ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ኪሱ ወደ ታች ተጎትቷል። የሚገርመው ደግሞ ከሳንቲሞቹ ጎን ካርቶኑ አለ። አጋዘኖቹን ሁሉ በቅደም ተከተል በወፍራም ካርቶን ላይ ደርድሮ በላስቲክ ሸፍኗቸዋል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ ክብ ቆርጦ ትቷል። ከቤት ይዞት ሲወጣ ያየሁት ዛሬ ገና ነው።

ሒሳቡ መምጣት ጀመረ። ወር መጨረሻ ስለሆነ ታክሲው ጢም ብሏል፣ ሁሉም ለገበያ ነው የሚወርደው፣ ሁሉም አዲስ ሃያ ይዟል። አጎቴ ብሩን ከክዳኑ ጠርዝ ሥር እየሰካ፣ ከካልሲው አንድ አንድ ያወጣል። እንደ ድሮው ወደ መስኮቱ ብርሃን አያነሣትም። ዐይኑ ስለደከመ በአውራ ጣቱ ነው የሚያየው፤ ጣቱን አንዴ በጀርባዋ ላይ ያሳልፍና ወደ ኋላ ያቀብላል። አዲሶቹ ሳንቲሞች ላይ አጋዘን ስለሌለች እነሱን ሳያሳልፍባቸው ነው የሚልካቸው። ሙዚ አንድ ዐይኑን መንገዱ ላይ፣ አንድ ዐይኑን የአጎቴ እጅ ላይ አድርጎ ይነዳል። ማንም አያወራም ማለት ይቻላል። ከኋላ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዱ በስልኩ ስብከት ያዳምጣል፣ «መብራቱ ጋ ወራጅ አለ» ይላል ሌላው። እንደዚህ እያለ ካልሲው እየሳሳ፣ የጥንቸሏ ሆድ እየገባ ሄደ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት። እሱን እንደ ጉጉ ሕፃን ማየት ለምጄ ነበር፤ ጎኑ ተቀምጬ ግን አውራ ጣቱ ባለፈ ቁጥር ትንፋሹን እንደሚይዝ ሰማሁ።

ከመጨረሻው ረድፍ የአንዲት ሴት መልስ ብቻ ሲቀር ከካልሲው የመጨረሻዋን ሁለት ራንድ አወጣ። አውራ ጣቱ አልፎ ተመለሰ። እንደገና አለፈ። ከዚያ ቆመ።

እኔ አየኋት። አጋዘኗ ቆማለች፤ አንዱ ቀንዷ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሌላው መሐል ላይ ይቋረጥና በቀንዱ ጫፍ ፋንታ እስከ ጠርዙ ድረስ የምስር ፍሬ የሚያክል ልሙጥ እብጠት አለ። ሻማ ተንጠባጥቦ የደረቀባት ትመስላለች። የአጎቴ አውራ ጣት እብጠቷ ላይ ቀረ። ጆሮው ቀላ።

«እሷ ናት?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«እሷ ናት» አለ።

ከኋላ ድምፅ መጣ። «የእኔስ ሁለት ራንድ? ሽማግሌው፣ በእሷ ደሴት ልትገዛ ነው?»

በታክሲው ውስጥ ሌላ ሁለት ራንድ የለም። የእኔ ቦርሳ ውስጥ የእናቴ መቶ ራንድና ማስቲካ ብቻ ነው። ሌላው ሁለት ራንድ ያለው በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው፤ ከእጁ አንድ ስንዝር አይርቅም። ሙዚ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ አሁን ሁለቱም ዐይኖቹ እጁ ላይ ናቸው። እኔ እኮ አልማልኩም። እጄን ወደ ሸሚዙ ኪስ ሰደድኩ። አጎቴ ክዳኑን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው የእጄን አንጓ ያዘኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቆ ይዞኝ አያውቅም። «ተይ» አለኝ። «ኪሴ ኪሴ ነው፣ የማንም እጅ ቢገባ።» ከዚያ አጋዘኗን አንዴ በመዳፉ ጨበጣትና ወደ ኋላ ዘርግቶ ለመጀመሪያው ረድፍ ሰጠ። «ለእናቲቱ አቀብሉልኝ» አለ፤ «እባካችሁ፣ ሌላ ቦታ እንዳታጠፋት በሉልኝ።»

አጎቴ ብዙ ነገር ያውቃል፣ የእኛን ሰፈር ሰው ግን አያውቅም። ሁለት ራንድ «እባካችሁ» ተብሎ አይላክም። መጀመሪያ ረድፍ ላይ ጥፍሯን ሐምራዊ የተቀባች ሴት አየቻትና «ይቺ ደግሞ ምን ነክሷት ነው ያበጠችው?» ብላ አሳለፈች። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው ወጣት ማዳመጫውን ነቀለ። «ቆይ፣ ቆይ፣ እንደዚህ ያለች ሳንቲም ስልክ ላይ አይቻለሁ። አሥር ሺህ ነው የሚገዟት።» ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሥራ ቱታ የለበሰው ሰውዬ ተነጫነጨ። «ምን አሥር ሺህ። የአክስቴ ልጅ ጎረቤት በአንዷ መኪና ገዝቷል፤ ያውም አዲስ።» «መኪና ብቻ?» አለች አጠገቡ ያለችው፣ «ፖሎክዋኔ ያለው ሰውዬ ቤት ነው የሠራባት። ከነአጥሩ።» የሚያለቅሰው ሕፃን እንኳ ዝም አለ። ሳንቲሟ የመጨረሻው ረድፍ ስትደርስ ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ የሚያየው አንድ ሰው ነበር፤ ትልቅ ማዳበሪያ ታቅፋ የተቀመጠች፣ ራሷን በቢጫ ሻሽ ያሰረች ወፍራም ሴትዮ።

«መልሴን ስጡኝ» አለች። «በሁለት ራንድ ስንት ሰው ነው የሚመካከረው?» ተቀብላ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተቻት።

ከተማ፣ ብለድ መንገድ ያለው ተራ ስንደርስ ሙዚ ሞተሩን አጥፍቶ ቆጠረ። አጎቴ እጁን ከክዳኑ ላይ አላነሣም። ሙዚ ሁለተኛ ጊዜ ቆጠረና፣ «ልክ ነው አባባ» አለ። ከዚያም ካልሲውን አጣጥፎ፣ «ክሌመንትን፣ ማን እንዲህ ብሎ እንደነገረው እጠይቀዋለሁ» አለ። አጎቴ አመሰገነው፤ ልቡ ግን እዚያ አልነበረም። ሰው እየተጋፋ ሲወርድ ቢጫዋን ሻሽ በዐይኑ ሲከተል ነበር፤ ለደከመ ዐይን ቢጫ ጥሩ ቀለም ነው።

ሴትዮዋ እትዬ ሴሊና ትባላለች። ከተራው ግድግዳ ሥር የደረቀ የሞፓኔ ትል፣ ያንን የሚበላውን አባጨጓሬ፣ ትሸጣለች፤ ትንሹ ጣሳ ሠላሳ ራንድ፣ ትልቁ ሃምሳ አምስት። እስክንደርስባት ማዳበሪያዋን ዘርግታለች፤ ዙሪያዋን ደግሞ ከታክሲው የወረዱት ከበዋታል። ባለ ማዳመጫው ወጣት ሁለት መቶ ራንድ ሰጥቶ ሊገዛት ይለማመጣል። «አሥር ሺህ ነው ብለህ ሁለት መቶ?» አለችው፤ «እናትህ ገበያ ስትልክህ አትከስርም።» ከዚያ አጎቴን አየችው።

«ይኸው መጡ» አለች። «ሁለት ራንዴን እንደ ልጅዎ አደራ ብለው የላኳት እርስዎ ነዎት። በሉ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ስንት ታወጣለች?»

ሁለት ራንድ በላት፣ ብዬ ጫማውን ረገጥኩት። ያንን የተወለወለውን። ሁለት ራንድ ቢላት ምን ነበረበት? ሰዉ ሁሉ ይበተናል፣ እሷ ትቀይርለታለች፣ ቤታችን እንሄዳለን። አጎቴ እግሩን ከእግሬ ሥር አወጣና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ቤት አታወጣም» አለ። «መኪናም አታወጣም። የሚያውቅ ነጋዴ፣ ያውም ደስ ያለው ቀን፣ ሦስት አራት መቶ ይሰጥዎት ይሆናል። ለእኔ ግን የመጨረሻዋ ናት።»

ሰዉ ይህን ሲሰማ በብስጭት ተበተነ። ባለ ቱታው «ሽማግሌው ዋጋ ሊያወርድ ነው» እያለ ሄደ። እትዬ ሴሊና ግን ዐይኗን አጥብባ፣ «የምን የመጨረሻ?» አለችው።

አጎቴ ተንበረከከና ከሸሚዙ ኪስ ካርቶኑን አወጣ። አጉሊ መነጽሩን ሰጣት። አንድ በአንድ አሳያት፤ የጉንዳን እግር የምታክለውን፣ የረዘመችውን፣ ጠርዙን የነካችውን፣ ከጠርዙ የተመለሰችውን። እኔ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼ አዛግቼበታለሁ። እሷ አላዛጋችም። ደንበኛ መጥቶ «ስንት ነው ጣሳው?» ሲላት «ቆይ» አለችው፤ ገበያ ላይ ሻጭ ደንበኛን ቆይ ስትል ያኔ ገና አየሁ። በመጨረሻ ከጡት መያዣዋ ሁለት ራንዷን አውጥታ በመነጽሩ አየቻት፤ ከዚያ ካርቶኑን፣ ከዚያ እንደገና እሷን።

«ታዲያ ማኅተሙ ተሰንጥቆ እያዩ መምታቱን ቀጠሉ?»

«ቀጠሉ።»

«አይ ሰው» አለች። መነጽሩን መለሰችለት።

አጎቴ ኪሱን ገልብጦ ያለውን ሁሉ ዘረገፈ፤ መቀየሪያ ሳንቲሞቹን፣ አንድ መቶ ራንድ፣ የመመለሻ ታሪፉን። ከሰኞ ጀምሮ መልስ እንደሌለ፣ ከዚህ በኋላ ሌላ እንደማያገኝ፣ ሁሉንም ነገራት። አጎቴ ሲለምን አይቼ አላውቅም። ለእናቴ ይቅርታ እንኳ ለምኖ አያውቅም። እትዬ ሴሊና አዳመጠችው፣ ገንዘቡን በእጇ ጀርባ ወደሱ ገፋችው፣ ሳንቲሟን ወደነበረችበት መለሰች።

«አልሸጥም» አለች። «አጥፊያት ቢሉኝ ኖሮ ጠዋቱን ዳቦ እገዛባት ነበር። አሁን ታሪኳን ከሰማሁ በኋላ እንዴት ብዬ ነው የምሰጣት? ለእርስዎ የመጨረሻ ከሆነች ለእኔም የመጀመሪያዬ ናት።» ከዚያ እግሯ ሥር ያለውን የቢራ ሣጥን ገልብጣ አስቀመጠችለት። «ማየት ከፈለጉ ግን ማየት አይከለከልም። ቁጭ ይበሉ። ደንበኛ ሲበዛብኝ ደግሞ ጣሳውን ይያዙልኝ።»

ተናድጄ ሄድኩ። አደባባዩን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። በእውነት ስለ አንድ የተበላሸ ሳንቲም አልቅሼ አላውቅም፤ አላለቀስኩምም፤ ግን የፀጉር ማለስለሻውን የማልፈልገውን ዓይነት ገዛሁ፤ በባለ ስልሳ አምስቱ ፋንታ ባለ ሰባ ዘጠኝ ራንዱን። ከሱቁ ስወጣ ከእናቴ የድምፅ መልእክት መጣ። ጎረቤታችን ተራ ላይ የነበረውን ነግራት ነበር። «ዲፑዎ፣ ወንድሜን ሌባ ያለው ማን እንደሆነ ስሙን ብቻ ላኪልኝ» ትላለች፤ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ እየሄደች ነው የምታወራው። «ፊሽካውን አስውጠዋለሁ። በልቷል ወይ? ለእሱ እንደጠየቅኩ አትንገሪው።» ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ከዚያ ሦስት የተጠበሰ ሊጥ ገዝቼ ወደ ግድግዳው ተመለስኩ።

አጎቴ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ትል እየሰፈረ ነበር። ጣሳውን በአውራ ጣቱ ደልድሎ፣ ጫፉ ላይ የተከመረውን ሳያፈስ፣ ልክ እንደ ብርቅ ነገር ላስቲክ ውስጥ ይገለብጣል። ደንበኛ ሳንቲም ሲሰጠው አውራ ጣቱን ያሳልፍና እትዬ ሴሊና የገንዘብ ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል። ቆርቆሮው በሁለት ራንድ የተሞላ ነው። «ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» ስላት፣ «የእኔ ደንበኞች በመልስ ነው የሚከፍሉኝ» አለችኝ፤ «ታክሲ ያልወሰደው ወደኔ ይመጣል።» ይህን ስትል አጎቴን አላየችውም መሰለኝ፤ እጁ ጣሳው ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር። የትሉን ዋጋ በሳንቲም ለከፈለ ሰው ሁለት ተጨማሪ ትል ጣል ያደርግለታል። እሷም አይታ ዝም ትላለች። ጠዋት «እርስዎ» ይባባሉ የነበሩት፣ ቀትር ላይ አንዱን ሊጥ ለሁለት ሲቆርሱ «አንተ ትልቁን ውሰድ»፣ «አንቺ ነሽ የደከምሽው» ሲባባሉ ሰማሁ። እኔ የቀሩትን ሁለቱን በላሁ፤ የሚያስታውሰኝ ስላልነበረ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ማዳበሪያው ባዶ ሆነ፤ የእኛ መስመር ሰልፍ ላይ ቆምን። ሙዚ ተራው ደርሶ ነበር፤ ከሩቅ አየንና አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ፣ «አባባ፣ ጋቢና ክፍት ነው። ዛሬ የመጨረሻው ነው፤ እንደልብዎ ይቀይሩ፣ ማንም አያይዎትም» ብሎ ተጣራ። ከመጀመሪያው የተሻለ ሰው ሆኖ ነው የተመለሰው። እኔ አጎቴን ወደፊት ልገፋው እጄን ዘረጋሁ። እሱ የእትዬ ሴሊናን ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፎ ብብቱ ውስጥ አድርጎ ቆሟል።

«ልጅቷ ትቀመጥ» አለ። «ትማር።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ እየተደገፈ፣ እሷን ተከትሎ እስከ መጨረሻው ረድፍ ዘለቀ።

ስለዚህ ብቻዬን ጋቢና ቀረሁ፤ ክዳኑ ጉልበቴ ላይ፣ ካልሲው ክዳኑ ላይ። ከኋላ ትከሻዬን ይነካሉ፤ «ከመቶው የአራት ሰው» ይሉኛል፤ አራት ጊዜ አሥራ ስምንት ስንት እንደሆነ እግዜር ያሳያችሁ። አንዲቱ «ተኛሽ እንዴ?» አለችኝ፤ ለሌላው ሦስት መልስ ልኬ አንዱን አስመለስኩ፤ ሙዚ እየሳቀ ይነዳል። ግንባሬን አላበው። ግን ካልሲው ውስጥ እጄ በገባ ቁጥር፣ ሳላስበው፣ አውራ ጣቴ አጋዘኖቹ ጀርባ ላይ ማለፍ ጀመረ።

ትልቁን ድልድይ ስንሻገር ሙዚ በዐይኑ ቆጠረ። «የሁለት ሰው ይጎድላል» አለኝ። እንደገና ደመርኩ። ይጎድላል። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። በመጨረሻው ረድፍ፣ በመስኮቱ ጥግ፣ አጎቴ ካርቶኑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። እትዬ ሴሊና የራሷን ሳንቲም በሁለት ጣቷ ጨምድዳ፣ ሳትለቃት፣ ባዶው ክብ ላይ ደቅናታለች። ልኳ ነው። ሁለቱ ራሶች ተጋጥመው አንድ አጉሊ መነጽር ለሁለት ይጠቀማሉ፤ ታክሲው ጉድጓድ ሲገባ አብረው ብድግ ይላሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ ቀና ያለ ግን የለም።

«ማን ነው ያልከፈለው?» አለ ሙዚ። «ጩኺባቸው እንጂ።»

ጩኸት ለእኔ አይከብደኝም። አፌንም ከፍቼ ነበር።

«ሲወርዱ ይከፍላሉ» አልኩት። «አሁን ሥራ ላይ ናቸው።»